የፕሮግራመር ዋስትናው ሰርተፊኬቱ ወይስ የሥራ መዝገቡ?

ኩታበር ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብላ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ገብሱም፣ ባቄላውም፣ በጉም ወደ ደሴ የሚወርደው በነጋዴና በደላላ እጅ ነው። ገበሬው እህሉን በለመደው መስፈሪያ ይሰፍራል፤ የደሴው ገዥ በኩንታል ይመዝናል፤ ከሁለቱ መሐል ቆሞ የአንዱን ልክ ወደ ሌላው ልክ የሚመልሰው ደላላው ነው። ደላላው ሒሳብ አዋቂና ታማኝ ሲሆን ሁለቱም ወገኖች መኖሩን እንኳ ይረሱታል። ሲሳሳት ወይም ሲያጭበረብር ግን ገበያው በሙሉ ይታወካል።

በኮምፒዩተር ዓለምም እንዲህ ያለ ደላላ አለ። ፕሮግራም የሚጽፈው ባለሙያ ደንበኛን የሚያየው እንደ አንድ ሙሉ ሰው ነው፤ ስሙን፣ ስልኩን፣ ያዘዘውን ዕቃና ያለበትን ዕዳ አንድ ላይ አድርጎ። መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ግን ሙሉ ሰው አያውቅም። የሚያውቀው ሰንጠረዥ፣ ረድፍና ዓምድ ብቻ ነው። ስሙ በአንዱ ሰንጠረዥ፣ ትዕዛዙ በሌላው፣ ዕዳው በሦስተኛው ተበታትኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ደንበኛውን ሲያስቀምጡ መበተን፣ ሲያወጡ መልሶ መገጣጠም የግድ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው የዳታቤዝ አዛማጅ ማዕቀፍ ይባላል። በጃቫ ቋንቋ በሚሠሩ ድርጅቶች ዘንድ ከእነዚህ ማዕቀፎች ስሙ የገነነው ሃይበርኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጋቪን ኪንግ የተባለ አውስትራሊያዊ ከባልደረቦቹ ጋር ጀመረው። በ2003 ጄቦስ የተባለው ኩባንያ አቀፈው፤ በ2006 ሬድ ሃት ጄቦስን ሲገዛ አብሮ ተጠቃለለ። ኮዱ ክፍት ነው። ማንም ያነበዋል፣ ማንም ይጠቀምበታል፤ ደንቡን ተከትሎ ከመጣም ማንም ያሻሽለዋል።

ነጋዴው “ይህ እኔን ምን አገባኝ?” ሊል ይችላል። ያገባዋል። ዛሬ ባንክ ሒሳብ ሊከፍት የሄደ ሰው የፋይዳ ቁጥር ይጠየቃል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት የተጣለለት ፋይዳ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ ባንጋሎር ከሚገኝ ኢንስቲትዩት በወጣ ክፍት ኮድ ላይ ነው። ሞሲፕ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገረው በሃይበርኔት በኩል ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓትም ማዕከሉ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ይሁን እንጂ ከሥሩ ያለው ያው ሃይበርኔት ነው። እንግዲህ ከወረዳ ጤና ጣቢያ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚደርሰው ሪፖርትም፣ ነጋዴው የሚታወቅበት የመታወቂያ ቁጥርም ያው አንድ ደላላ ያገለግላቸዋል። ደላላውን በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች ግን ከእኛ ዘንድ ስንት ናቸው?

ጉዳዩን ይበልጥ የገበያ ጉዳይ የሚያደርገው ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። የዳታቤዝና የሒሳብ ሶፍትዌር ፈቃድ በየዓመቱ በዶላር የሚከፍል ድርጅት ወጪው በብር ሲቆጠር እጥፍ ሆነበት። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ክፍት ኮድ አዞረ፤ ፈቃዱ በነጻ ነውና። ፈቃዱ ነጻ ሆነ ማለት ግን ሥራው ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ሰው ደግሞ ከውጭ አገር በዶላር የሚቀጠር ከሆነ የተረፈው ገንዘብ በሌላው ኪስ ወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ጠጋኙን ከየት እናምጣ? ሰርተፊኬት ያለው ሰውማ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ስሙ ራሱ ዓላማውን ይናገራል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ያስተምራሉ። መማሩ መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። የነጋዴው ችግር ሌላ ነው። ሃያ ወጣቶች ሃያ ተመሳሳይ ሰርተፊኬት ይዘው ሲመጡ የትኛው መሥራት እንደሚችል በምን ይለያል? ባቄላ የሚገዛ ሰው ከጆንያው ዘግኖ፣ ነክሶ፣ አሽትቶ ነው የሚገዛው። ሶፍትዌር ሠሪን ግን ወረቀቱን አይቶ ይቀጥራል። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ “ሲስተም የለም” እያለ ደንበኛ ይመልሳል።

እንደ ሃይበርኔት ያለ ክፍት ፕሮጀክት የሚሰጠው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። በፕሮጀክቱ ውስጥ የሠራ ወጣት ምን እንደሠራ፣ መቼ እንደሠራ፣ ማን እንደመረመረው፣ ስንት ጊዜ ታርሞ እንደተመለሰና በመጨረሻ መቀበል አለመቀበሉ ሁሉ በአደባባይ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀራል። ሊፈበርከው አይችልም። አማላጅ አይልክበትም። ዘመድ አያጻፍለትም። ቀጣሪው ከቢሮው ሳይወጣ ከፍቶ ያየዋል፤ ራሱ ባያነበው የሚያነብለት ሰው አያጣም። ባንክ ለብድር መያዣ ሲጠይቅ የሚያየው ቤቱን እንጂ የቤቱን ፎቶግራፍ አይደለም። ቀጣሪ ግን እስካሁን ፎቶግራፍ እያየ ሲያበድር ኖሯል።

አዲስ ገቢው እንዴት ይጀምራል? ብዙው ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ትልቅ ነገር ሊለውጥ ይነሳል። በወሎ ቅሬ የሚባለውን (አዲስ አበቤ እድር የሚለውን) የሚያውቅ ሰው ይህ እንደማያዋጣ ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። ዛሬ ቅሬ የገባ ጎልማሳ መተዳደሪያ ደንቡ ይሻሻል ብሎ አይነሳም። መግቢያውን ይከፍላል፣ ድንኳን ይሸከማል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ከዓመት በኋላ ሐሳብ ሲሰጥ ይሰማል። ሃይበርኔት ዘንድም አሠራሩ ይህንኑ ይመስላል። ፕሮጀክቱ የታወቁ ስህተቶችና ያልተሠሩ ሥራዎች በቁጥር በቁጥር የተመዘገቡበት ዝርዝር አለው። አዲስ ገቢው ከዚያ አንድ ትንሽ ስህተት ይመርጣል። ከዚያ ለማረም አይጣደፍም፤ መጀመሪያ ስህተቱን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ እንደገና እንዲከሰት ያደርጋል። “እዚህ ላይ ይሰበራል” ብሎ ማውራት አይበቃም። ሲሰበር የሚያሳይ አጭር ቴስት ጽፎ ማቅረብ አለበት። ፕሮጀክቱ ለዚህ የሚሆን ባዶ ናሙና አዘጋጅቶ ይሰጣል። ስህተቱን እንዲህ አንጥሮ ያቀረበ ሰው፣ ማረሙን ሌላ ሰው ቢጨርሰው እንኳ፣ ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

የአገራችን ነጋዴ የዚህን የቴስት ነገር ዋጋ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይቶታል። በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ላይ ሲያወጡ አደሩ። ባንኩ ራሱ እንዳስታወቀው ምክንያቱ ከተለመደ የሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ነበር፤ የወጣው ገንዘብም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ያ ሲስተም ከሃይበርኔት ጋር ግንኙነት አለው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ለውጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መቶ ጊዜ መፈተሽን ከልጅነቱ የለመደ ባለሙያ ምን ያህል እንደሚያወጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ይህን ልማድ ደግሞ ኮርስ አያስተምረውም። አንድ ምሳሌ እንይ። አንድ ጅምላ አከፋፋይ የመቶ ደንበኞቹን ዝርዝር ከነትዕዛዛቸው ኮምፒዩተሩ ላይ ሊያይ ፈለገ እንበል። ማዕቀፉን በደንብ የማያውቅ ፕሮግራመር የጻፈው ሶፍትዌር ለደንበኞቹ ዝርዝር አንድ ጊዜ ወደ ዳታቤዙ ይሄዳል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ትዕዛዝ ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ እየተመለሰ ይሄዳል፤ በድምሩ መቶ አንድ ጊዜ። መቶ ኩንታል ባቄላ በአንድ አይሱዙ ማምጣት ሲቻል መቶ ጋሪ የሚልክ ደላላ ማለት ነው። ሱቁ ትንሽ ሳለ ማንም ልብ አይለውም። ደንበኛው አሥር ሺህ ሲደርስ ግን ኮምፒዩተሩ ያዛጋል፤ ነጋዴውም “ማሽኑ አርጅቷል” ተብሎ አዲስ ሰርቨር በብዙ መቶ ሺህ ብር ይገዛል። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም! የማዕቀፉን ሆድ ዕቃ ገብቶ ያየ ልጅ ይህን በግማሽ ቀን ያስተካክለዋል። ሁለት ሻጮች የመጨረሻዋን አንዲት ኩንታል በአንድ ቅጽበት ለሁለት ሰው እንዳይሸጡ ማዕቀፉ በየረድፉ ላይ የእትም ቁጥር እንደሚያስቀምጥ፣ ዘግይቶ የመጣውን ሻጭም “ዕቃው ተነክቷል፣ እንደገና አይተህ ና” ብሎ እንደሚመልሰው የሚያውቀውም እሱ ነው። ቀጣሪ ለቃለ መጠይቅ የሚሆን ጥያቄ ካጣ ይህችን ቢጠይቅ አይከስርም።

አዲስ ገቢው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። የሠራውን ሲልክ ወዲያው መልስ ላያገኝ ይችላል፤ ዋና ጠባቂዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሥራው ብዙ ነው። መልስ ሲመጣም “ይህን ለውጥ፣ ያንን ሰርዝ” የሚል ይሆናል። የሚያኮርፍ ልጅ እዚያው ይቀራል። ጠባቂዎቹም ቢሆኑ ያለ ምክንያት አይጠራጠሩም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 መጨረሻ የተጋለጠው የኤክስዜድ ጉዳይ ዓለምን አስደንግጧል። ኤክስዜድ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ መሣሪያ ነው። በዋናነት የሚጠብቀው አንድ የደከመው ሰው ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የመጣ እንግዳ ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሲረዳ ቆይቶ፣ ታምኖ ቁልፍ ከተሰጠው በኋላ የሰርቨሮችን በር በስውር የሚከፍት ኮድ አስገባበት። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሠሪ ነው። ወደ ሰርቨሩ መግባት ከወትሮው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ቢዘገይበት “ለምን?” ብሎ ቆፈረ። ልብ ይሏል፤ ግማሽ ሴኮንድ! ሚዛኑ በመቶ ግራም ሲዛባ የሚታየው የእህል ነጋዴ ዓይን ማለት ይኼ ነው።

“ይህ ሁሉ ኢንተርኔት ላለው ነው፤ የኩታበር ልጅ በምን ያገኘዋል?” የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በኩታበርና በቦሩ ሜዳ በኩል ደሴ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ጠፍቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ይሁንና የክፍት ኮድ አሠራር ከሌላው የርቀት ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት የተባለው መሣሪያ የፕሮጀክቱን ሙሉ ኮድ ከነታሪኩ አንድ ጊዜ አውርዶ ኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ማንበቡም፣ ማረሙም፣ መፈተሹም ያለ ኔትወርክ ይሆናል። ሃይበርኔትን ለመፈተሽም ሰርቨር አያስፈልግም፤ በማስታወሻ ላይ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ዳታቤዝ አብሮት አለ። ልጁ ደሴ ወርዶ አንድ ጊዜ ያወርዳል፣ ሳምንቱን ኩታበር ሆኖ ይሠራል፣ ቅዳሜ ወርዶ ይልካል። በየሰዓቱ “የት ነህ?” የሚል አለቃ የለበትም። ገበያተኛ እንደሚመላለሰው ተመላልሶ የሚሠራው ሥራ ነው። ላፕቶፑ ግን ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚሸፍንለት ሰው ከሌለ የተባለው ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ለመሆኑ የእኛ ሰው እዚያ መግባቱ ለአገር ገበያ ምን ያመጣል? መልሱ ከዚህ በፊት ታይቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአማርኛ ኮምፒዩተር ያጻፈ ነጋዴ አይረሳውም። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ዋሸራ፣ አጋፋሪ፣ ሁሉም የየራሳቸው ፊደል አቀማመጥ ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈ ውል በሌላው ሲከፈት የዶሮ ጭረት ይሆን ነበር። እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን አጥሮ ያዘ፤ ኪሳራውን የተሸከመው ደንበኛው ነው። ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች የሌላው ዓለም መሐንዲሶች በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተከራክረው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቦታውን ሲያገኝ ነው። ዛሬ ኩታበር ላይ የተላከ የአማርኛ መልእክት ሜሪላንድ ላይ ሳይበላሽ የሚነበበው እነዚያ ሰዎች ያን ጊዜ “ይህ ሥራ ማን ይከፍለናል?” ብለው ስላልተመለሱ ነው።

ያልተሠራው ደግሞ ገና ብዙ ነው። የነጋዴው የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጳጉሜን የምትባል አምስት፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ስድስት ቀን ያላት ወር አለችው። የጃቫ ቋንቋ የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ከራሱ ጋር ይዞ ሲመጣ የኢትዮጵያን ግን አልያዘም። ስሪ ቴን ኤክስትራ ከተባለ ተጨማሪ ክፍት ኮድ መውሰድ ያስፈልጋል። ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር እንዲቀበል ተደርጎ ተሠርቷል፤ ይቻላል ማለት ነው። በገበያው ያለው ሶፍትዌር ሠሪ ግን በየቤቱ የራሱን ቀን መቀየሪያ ይጽፋል፤ ጳጉሜን 6 ስትመጣ ይሳሳታል፤ ነጋዴውም ለአንዱ ስህተት አምስት ቦታ ይከፍላል። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሃይሉ ተብሎ የተጻፈን አንድ ሰው ሦስት ደንበኛ አድርጎ የሚቆጥር የዱቤ መዝገብም ሞልቷል። ዕዳ ሲጠየቅ “እኔ ያኛው አይደለሁም” ለሚል ተበዳሪ ከዚህ የበለጠ ሲሳይ የለም። የሃይበርኔት ጠባቂዎች እነዚህን በዋናው ኮድ ውስጥ ላያስገቡ ይችላሉ፤ ባያስገቡም አይፈረድባቸውም፤ የእያንዳንዱን አገር ጓዝ ተሸክመው አይዘልቁትም። በጎን የሚሰካ ቅጥያ አድርጎ አንድ ጊዜ በትክክል ጽፎ ለሁሉም መልቀቅ ግን የእኛ ሰው ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ቅጥያ የሚጽፈውም የማዕቀፉን ውስጥ ያወቀ፣ ጠባቂዎቹም ስሙን የሚያውቁት ሰው ነው።

“ለፈረንጅ በነጻ ማረስ ነው” የሚለው ተቃውሞ በየቢሮው ይሰማል። ሰሚ ያገኘው ግማሽ እውነት ስላለው ነው። ደመወዝ የሌለውን ወጣት “ለልምድ ብለህ በነጻ ሥራ” ማለት ግፍ ነው። ለዚህም ነው ሸክሙ በልጁ ላይ መውደቅ የሌለበት። ሃይበርኔት ራሱ ለዚህ የበቃው ሬድ ሃት ለዋናዎቹ ሠሪዎች ለብዙ ዓመታት ደመወዝ እየከፈለ ነው፤ ለጽድቅ ብሎ አይደለም፣ ንግዱ በእሱ ላይ ስለቆመ ነው። ባንኮቻችን፣ የሶፍትዌር ቤቶቻችን፣ ትልልቅ አስመጪዎቻችንም የቆሙት በሌላ ሰው ኮድ ላይ ነው። አንድ ፕሮግራመር ከሳምንቱ አርባ ሰዓት ውስጥ አራቱን በዚህ ላይ እንዲያውል ቢፈቀድለት የደመወዙ አንድ አሥረኛ ወጣ ማለት ነው። በዶላር ከሚከፈል የአንድ ሳምንት አማካሪ ጋር ይነጻጸርና ይታይ።

ስሙ የታወቀ ልጅ በርቀት የሚቀጥረው የውጭ ድርጅት አግኝቶ ሊሄድ ይችላል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አንዳንዱ ይሄዳል። ማንም የማይፈልገውን ሠራተኛ ይዞ ከመቆየት ግን ይሄኛው ኪሳራ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ቀጣሪዎች የሚረሱት ወረቀት አለ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጣሪ በሥራው ላይ ሆኖ የፈጠረው ሥራ፣ በውል ሌላ ካልተባለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ሃይበርኔት ደግሞ ማንኛውም አበርካች የላከውን ኮድ የመላክ መብት እንዳለው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ስለዚህ ልጁ በድርጅቱ ላፕቶፕ፣ በድርጅቱ ሰዓት ሠርቶ ቢልክ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ አሠሪው አንድ ቀን ይከስሰዋል። መፍትሔው ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ሠራተኛው በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት በክፍት ፕሮጀክቶች ላይ እንዲሠራ መፈቀዱን፣ በዚያ ሰዓት የሠራውንም በፕሮጀክቱ ፈቃድ መሠረት ሊለቅ መቻሉን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ። በቅጥር ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሆኖ ቢገባም ይበቃል።